የአፈር ለቅሶ

አፍን ከፍቶ የሚያናግር፣ ጆሮን ከፍቶ የሚያሰማ አምላክ ይመስገን። ይህ ነገር የሆነው ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደሆነ በውል በማይታወቅ አገር ነው። አውቀዋለሁ የሚል ሰው ካለ ለራሱ ይያዘው፤ እኛን አያስጠይቀን።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ይለቀሳል፤ ይህስ በሁሉም አገር ያለ ነው። በዚያ አገር ግን አፈር ሲሞትም ይለቀሳል። አፈር ደግሞ እንዴት ይሞታል ለሚል፣ እንዲህ ነው። ዝናብ ይጥላል፤ ጎርፍ ከተራራው ይወርዳል፤ ጎርፉ ማሳውን ሰንጥቆ ቦረቦር ያወጣል፤ ቦረቦሩም ግራና ቀኙን እየናደ አፈሩን ቆላ ያወርደዋል። ያ አፈር ሄደ አይባልም፤ ሞተ ነው የሚባለው። ባለ ማሳውም በዚያው ዕለት አፈር ቤት ሄዶ መርዶውን መናገር አለበት።

አፈር ቤት መሬቱን፣ ውሃውን፣ ሳሩንና ዛፉን እንዲጠብቅ፣ ገበሬውንም እንዲረዳ በጥንት ሽማግሎች የተቋቋመ ቤት ነው። ሹማምንቱ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ናቸው። ከሁሉ በላይ ሊቀ ሐዘኑ አለ። ከእሱ በታች የቦረቦሩን ስፋትና ጥልቀት የሚለካው ባለ ገመድ አለ። ከዚያ ሕጉን ጮክ ብሎ የሚያነበው አንባቢ አለ። ከሁሉ በታች አልቃሿ አለች። ድንጋይ የሚደረድርና ሳር የሚተክል ሰው ግን በቤቱ አልነበረም። ጥንት ነበረ ይባላል፤ አርጅቶ ሲሞት በምትኩ ሌላ ሊቀጥሩ ረሱት።

ለቅሶው ወግ ነበረው። ሦስት ቀን ይለቀሳል፤ በአርባው ይበላል። ከየመንደሩ ሰው ይመጣል፤ ያልመጣ ሰው የእሱ አፈር ሲሞት ማንም አይመጣለትም። ለቀስተኛ ሁሉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ይዞ ይመጣል። የድንጋዩ መጠን እንደ ማዕረጉ ነው። ተራው ሰው በብብቱ የሚይዛትን፣ ሽማግሌው በትከሻው የሚሸከመውን ያመጣል፤ የሊቀ ሐዘኑን ድንጋይ ግን ስምንት ሰው በወሳንሳ ይሸከመዋል። ሲመለስ ማንም ድንጋዩን ይዞ አይሄድም፤ ይዞ ከሄደ ሐዘኑ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል ይላሉ።

አልቃሿ ያለችው ሁሉ ደግሞ በመዝገብ ይጻፋል። በዚያ አገር ሰው በሐዘን ጊዜ አይዋሽም ተብሎ ስለሚታመን፣ ከባለ ገመዱ ገመድ ይልቅ የሚጸናው የአልቃሿ ቃል ነው።

ድንኳኑ የሚጣለው አፈር ቤት ግቢ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነበር። ጥላ አለው፤ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ለሹማምንቱም ቅርብ ነው። ታዲያ ከዘመን ዘመን የለቀስተኛው ድንጋይ እዚያው ሲከመር፣ ሲከመር፣ ከአፈር ቤት በር ላይ አንድ ተራራ ቆመ። ለተራራውም ዘበኛ ተቀጠረለት።

አሁን ወደ ደብሪቱ እንምጣ።

ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ባቄላ ዘርታ የምታድር ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቆማ የሰማችውን ንባብ እቤቷ ገብታ ሳታዛንፍ ትደግመዋለች። ባሏ በጥድ ምሰሶ የሠራላት አንዲት ቤት አለቻት። ከቤቷ ፊት የባቄላ ማሳዋ፣ ከማሳዋ ወዲያ ቦረቦሩ፣ ከቦረቦሩ ማዶ የጎረቤቷ የአያ ሙጨ አጥር ነው። ድሮ ቦረቦሩ ሳይኖር ከአያ ሙጨ ጋር እሳት ይጫጫሩ ነበር። አሁን ግን ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት እየተጯጯሁ ነው።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ጠዋት አባራ። ደብሪቱ አማትባ ወጣችና ከደጃፏ ጀምራ በርምጃ ቆጠረች። ካቻምና ከበሯ እስከ ቦረቦሩ ከንፈር ሠላሳ ርምጃ ነበር። አምና ሃያ ስድስት። ዛሬ አሥራ ሰባት ላይ እግሯ አየር ሊረግጥ ሆነ። አራት ትልም ባቄላ ከነአበባው የለም።

«አያ ሙጨ! አየኸው?» ብላ ተጣራች።

«አየሁት! እሱም እየዞረ በርሽን በርሽን እያየ ነው!» አለ አያ ሙጨ ከማዶ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ።

«ሐምሌ ሳይገባ ድንጋይ ብንደረድርበትሳ? አንተ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ?»

«አንቺ ሴት፣ እሥር ቤት ናፍቆሻል? ሐዘን ያለበት ቦረቦር እስከ አርባው አይነካም። አምና ይመር አካፋ ቢያስገባበት 'ሬሳ ደፈርህ' ብለው ክረምቱን ሙሉ የአፈር ቤቱን ዋርካ ውሃ ሲያጠጣ ከረመ።»

«በክረምት? በዝናብ?»

«በዝናብ! ሕጉ ወር አይለይም። ሂጂና አርጂ፣ እኔም ድንጋዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ደብሪቱ ቆማ ሰማይ ሰማዩን አየች። አርባ ቀን ማለት ሐምሌ ሙሉ ነው። ሐምሌ ደግሞ አሥራ ሰባት ርምጃ አይበቃውም። «ጌታዬ፣» አለች፣ «ድንጋዩን አንተ ፈጠርኸው፣ እነሱ ከመሩት። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።» ነጠላዋን አጣፋችና መንገድ ገባች።

አፈር ቤት ስትደርስ የድንጋዩ ተራራ ዘበኛ በትሩን ይዞ ቆሟል። ከተራራው ሥር ወድቃ የነበረች አንዲት ጠጠር በእግሯ ብትነካ «ተይ! የመንግሥት ሐዘን ነው!» ብሎ ጮኸባት። ይቅርታ ጠይቃ ገባች።

ሊቀ ሐዘን ጓንጉል ጥቁር ካባ ለብሶ ተቀምጧል። ሰውነቱ ሙሉ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። መርዶ የሚሰማው ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማን ሞተብሽ?»

«አፈሬ፣ ጌታዬ። አራት ትልም፣ ከነባቄላው።»

«አይ ጊዜ! ባቄላው አብቦ ነበር?»

«አብቦ ነበር።»

«በልጅነቱ ተቀጨ በይኛ!» ብሎ ሊቀ ሐዘኑ አይኑን ጠረገ። «ባለ ገመድ፣ ለካ።»

ባለ ገመዱ ታፈረ ተነሣ። ቦረቦሩ ድረስ መሄድ ጫማ ያበላሻል፤ ስለዚህ እሱ የሚለካው ሐዘንተኛውን ነው። «እጅሽን ዘርጊ፣ ስፋቱን አሳዪኝ። አዎ። ጥልቀቱስ? እስከ አገጭሽ? እስከ አናትሽ?» እያለ ገመዱን በደብሪቱ ላይ ዘረጋና ጻፈ። ከዚያ ቅጹን ጮክ ብሎ አነበበ። «የሟች ስም፦ ጥቁር አፈር። የሞተበት ምክንያት፦ አልቃሽ ትሙላው። ሟች ያረፈበት ቦታ፦ በደብሪቱ ማሳ ሥር ካለው ቦረቦር ውስጥ።»

«ጌታዬ፣» አለች ደብሪቱ፣ «እኔ ለቅሶውን አልጠላሁም። ግን ከዚያ ከደጅ ካለው ድንጋይ ትንሽ ብትሰጡኝ፣ ሰውም ብታዙልኝ፣ ቦረቦሩን...»

«የሐዘን ድንጋይ ነው'ኮ ልጄ። ለሥራ አይሆንም።»

«እስከ አርባው ቤቴም ይሄዳል።»

ሊቀ ሐዘኑ እጇን ያዘና «ያን ጊዜ ለቤቱም እንመጣለን፣» አላት፤ ከልቡ ነበር የሚያጽናናት። «አንባቢ፣ ሕጉን አንብብላት።»

ሕጉ ለሐዘንተኛ ሁሉ ይነበባል፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም። አንባቢው ትንፋሹን ሳይመልስ፣ ዝንብ እያባረረ፣ ከአንደኛው አንቀጽ እስከ ሰባተኛው ለበለበው። ሲጨርስ ደብሪቱ እንደ ቅዳሴ ሰሚ ቆማ ነበር።

«አራተኛዋን ድገምልኝ፣ ወንድሜ።»

አንባቢው እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ሊቀ ሐዘኑን አየ፤ ሊቀ ሐዘኑም ባለ ገመዱን አየ። «እሺ ድገምላት፣ ምን ቸገረ» ተባለ።

አንባቢው ደገመ። «ለቅሶው ሟች ባረፈበት ቦታ ይሁን። ለቀስተኛም ሁሉ ድንጋዩን ይዞ ይምጣ፤ ጎርፉ ወደ መጣበት ፊቱን አዙሮ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ በረድፍ ይቀመጥ። ድንጋዩንም ይዞ አይመለስ።»

«እንግዲያማ፣» አለች ደብሪቱ፣ «ድንኳኑ የሚጣለው ከቦረቦሩ ውስጥ ነው።»

አንባቢው ዝንብ ማባረሩን ተወ።

«ከቦረቦር ውስጥ?» አለ ሊቀ ሐዘኑ። «እኔ? ይህን ካባ ለብሼ? ልጄ፣ አፈሩ'ኮ ቆላ ወርዷል፣ እዚያ የለም።»

«አለ እንጂ። ጋሼ ታፈረ ራሳቸው ጽፈውታል። 'ሟች ያረፈበት ቦታ፦ ከቦረቦር ውስጥ'። እኔ ፊደል አላውቅም፤ እንዲህ ብለው ሲያነቡ ግን ሰምቻለሁ።»

ባለ ገመዱ ወረቀቱን አገላበጠ። ጽሑፉ የራሱ ነው። ይሰርዘው ቢባል፣ የሟችን ቅጽ የሰረዘ ከሹመቱ ይወርዳል የሚል ስድስተኛው አንቀጽ አለ፤ አሁን ገና ነው የተነበበው። «ጌታዬ፣» አለ ለሊቀ ሐዘኑ በሹክሹክታ፣ «ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ምን አላት?»

ከማእዘኑ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አልቃሿ ስንዱ ነበረች። ከቤቱ ሁሉ ትንሹ ደመወዝ የእሷ ነው፤ ነገር ግን የምትለው ሁሉ ስለሚጻፍ ሁሉም ይፈራታል።

ቅዳሜ ጠዋት አገሩ ሁሉ ወጣ። ሰው በየመንገዱ ድንጋዩን እየተሸከመ «የት ነው?» ሲል «ቦረቦር ውስጥ አሉ!» ሲባል «ወይ ጉድ!» እያለ ቁልቁል ወረደ። ድንኳኑ ከቦረቦሩ አፋፍ ወደ ውስጥ ተወጠረ፤ ግማሹ ምሰሶ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ተተከለ። ሊቀ ሐዘኑ ካባውን ሰብስቦ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ፣ «እመ ብርሃን! እመ ብርሃን!» እያለ ወረደ። ስምንቱ ተሸካሚዎች ድንጋዩን በወሳንሳ አድርገው ከኋላው እየተንሸራተቱ መጡ።

በዚያ አገር ወግ እንግዳ የሚያስቀምጠው ሐዘንተኛው ነው። ደብሪቱ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ ቆመች።

«የእርስዎ ድንጋይ ከመካከል፣ ጌታዬ። ከዚህ ከጠባቡ ላይ።»

«እዚህ ረጥቧል'ኮ።»

«የክብሩ ቦታ እሱ ነው። ሁሉም ከግራና ከቀኝ ያጅብዎታል።»

ክብር ከተባለማ ሊቀ ሐዘኑ ተስማማ። ስምንቱ ሰዎች ድንጋዩን ሲያወርዱት መሬቱ ዘፍ አለ። ከዚያ ሽማግሎቹን ከግራና ከቀኙ፣ ከቦረቦሩ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረደረቻቸው። ከነሱ በላይ ወንዶቹን፣ ከወንዶቹ በላይ ሴቶቹን አስቀመጠች።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! ትከሻ ለትከሻ ነው የሚለው ሕጉ። አንተ ጋሼ፣ በድንጋይህና በድንጋያቸው መካከል ጠቦት ያልፋል፣ ጠጋ በል!»

«እኔና እሱ ተጣልተናል፣» አለ ሰውየው።

«እንኳን ተጣላችሁ፤ ድንጋዮቻችሁ ይታረቁ።»

አያ ሙጨ የራሱን ድንጋይ ተሸክሞ ከማዶ ወረደ። ረድፎቹን አየ፤ ደብሪቱን አየ፤ ጺሙን ዳበሰ።

«ደብሬ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ያሰብሁትን ነው ያሰብሽው?»

«እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አያ ሙጨ። አንተ ግን ቁጭ አትበል። ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ውጣልኝና ተራራ ተራራውን እይ። ደመና የቋጠረ እንደሆነ ጩህ። ሰው በኔ ለቅሶ እንዳይሞትብኝ።»

አልቃሿ ስንዱም ከመካከል ቆማ አለቀሰች። ድምፅዋ ያማረ ነበር፤ ባለ ገመዱም ቃሏን እየተከተለ ጻፈ።

ባቄላ አብቃይዋ ጥቁሯ እመቤት፣
ጎርፍ አግብታ ሄደች ጥላን ባዶ ቤት።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ረድፍ ሞላ። በሁለተኛው ቀን የሩቅ መንደር ሰው መጣና መሬቱ ሁሉ ተይዞ አገኘው። «ከትናንቱ ድንጋይ ላይ ደርቡና ተቀመጡ፣» አለች ደብሪቱ። «ብቻ እንዳይወላገድ፤ ሽንቁሩን በጠጠር ሙሉት፣ ለቀስተኛ አይወዝወዝ።» በሦስተኛው ቀን ደግሞ በዚያ ላይ ተደረበ። በመጨረሻ የተቀመጡት ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ሳይሆን፣ እግራቸው ተንጠልጥሎ ነበር የሚያለቅሱት።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ በነሱ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ተራራው ጠቆረ። አያ ሙጨ ከጉብታው ላይ «ጎርፍ! ኧረ ጎርፍ! ውጡ!» ብሎ ጮኸ።

ደብሪቱ «ውጡ! ውጡ!» እያለች ሴቶቹን በክንዳቸው ትስባቸው ጀመር። ሕዝቡም እየተንጋጋ አፋፉ ላይ ወጣ። ሊቀ ሐዘኑ ግን አይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ ከድንጋዩ ላይ ቀረ።

«ይህ ከጉብታው ላይ ያለው ሰው ደህና አድርጎ ነው የሚያለቅስ፣» አለ። «ስሙን ጻፉልኝ።»

«ጌታዬ፣ ለቅሶ አይደለም! አይንዎን ይግለጡ!» አለች ደብሪቱ።

ሕጉ ጎርፉ ወደ መጣበት ፊት አዙሮ መቀመጥ ያዛልና፣ አይኑን ሲገልጥ ከፊቱ ያየው እሱኑ ነው። ቀይ፣ ጉቶ የተሸከመ፣ እንደ በሬ የሚያገሳ። ከዚያ በኋላ ሊቀ ሐዘኑ እንዴት እንደወጣ የሚያስታውስ የለም። ካባው ከታች፣ እሱ ከላይ ተገኘ።

ሰው ሁሉ ከደብሪቱ ደጃፍ ቆሞ ቁልቁል አየ። ጎርፉ ከመጀመሪያው ረድፍ ሲደርስ እንግዳ እንዳገኘ ሰው ቆም አለ። ተጠራቀመ፤ ከፍ አለ፤ በድንጋዮቹ አናት ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ሁለተኛው አለፈ። እዚያም ቆመ። ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ሊቀ ሐዘኑ ድንጋይ ሲደርስ ማገሳቱን ትቶ ያጉረመርም ነበር። ድንጋዩ አልተነቃነቀም። ደብሪቱ በከንፈሯ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ትላለች።

ውሃው ሲጎድል በየረድፉ ጀርባ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ደለል ተኝቶ ነበር። ደብሪቱ ከደጃፏ ተነሥታ ቆጠረች። አሥራ ሰባት። ደግማ ቆጠረች። አሥራ ሰባት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሊቀ ሐዘኑ ጭቃውን እየጠረገ።

ባለ ገመዱ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ ሟቹ ተመልሷል።»

አፈር ቤት ተሰበሰበ። ሦስት ቀን ተነጋገረ። አንባቢው ሕጉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበው፤ ሟች ሲመለስ ምን እንደሚደረግ አንድም አንቀጽ አልተገኘም። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ። ሟች የተመለሰበት ለቅሶ ከንቱ ለቅሶ ነው። ከንቱ ለቅሶ የተቀመጠበት ድንጋይ ተነሥቶ ወደ አፈር ቤት ተራራ ይግባ። ከዚያ ሟቹ በወጉ ይሂድ፤ በወጉ ከሄደ በኋላም በወጉ ይለቀስለት።

በማግስቱ ባለ ገመዱ ሃያ ተሸካሚ አስከትሎ መጣ። ድንጋይ ሲነሣም ይለቀሳልና ስንዱም አብራ መጣች። ሊቀ ሐዘኑ ሌላ ካባ ለብሶ ከአፋፉ ላይ ቆመ፤ አልወርድም ብሏል። ከተራራው ላይ ደመና እየተጫነ ነበር።

ደብሪቱ ወርዳ ከትልቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ፣» አለ ባለ ገመዱ።

«'ድንጋዩን ይዞ አይመለስ' ይላል ሕጉ።»

«ለቀስተኛው ነው ይዞ የማይመለስ። እኛ ለቀስተኛ አይደለንም፣ መንግሥት ነን።»

ደብሪቱ ደመናውን አየች፣ ቤቷን አየች፣ የጥዱን ምሰሶ አየች። «ጋሼ ታፈረ፣ አፈር ስሆን! ይህችን ሐምሌ ብቻ ተዉልኝ። ከሐምሌ በኋላ እኔው ራሴ አንድ በአንድ ተሸክሜ አመጣላችኋለሁ።»

«ሕግ ነው። አንሡ፣ እናንተ!»

ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ። አያ ሙጨ ከማዶ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላል። ያን ጊዜ ስንዱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወርውራ ሳቀች። በለቅሶ ላይ የሳቀ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅምና ተሸካሚዎቹ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«ማን ሞተ አላችሁ?» አለች ስንዱ።

«አፈሩ ነዋ!» አለ ባለ ገመዱ።

«እኔ ሞተች ብያለሁ? ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ምን እያልሁ ነው የዋልሁት? አንተው አይደለህ የጻፍኸው? መዝገቡን አንብበው እስቲ!»

ባለ ገመዱ መዝገቡን ገለጠ። አነበበ፣ ድምፁ እየቀነሰ። «ጎርፍ አግብታ ሄደች...»

«አግብታ! አግብታ ነው የሄደች። የሞት ምክንያት ብለህ የሞላኸው እሱን ነው፤ የኔን ቃል ደግሞ ማንም አይሽረውም። እና ያገባች ልጅ ወደ እናት አባቷ ቤት ተመልሳ ስትመጣ ምን ይባላል በናንተ አገር? ከንቱ ይባላል? መቀመጫ ይነሣባታል?»

ከአፋፉ ላይ ሊቀ ሐዘኑ ቀስ ብሎ «መልስ ነው የሚባለው፣» አለ።

«መልስ ነው!» አለ አያ ሙጨ ከማዶ።

«መልስ ነው፣» አሉ ተሸካሚዎቹ፤ ወገባቸውንም አቀኑ።

«ለመልስ ደግሞ፣» አለች ስንዱ፣ «መቀመጫ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ሙሽራዋ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ከላይ አገር አፈር አስከትላ ነው የመጣች። ታፈረ፣ ጻፍ!»

ታፈረ ጻፈ። ቅጹ ሳይሰረዝ ሹመቱ ስለ ዳነለት በደስታ ነበር የሚጽፍ። ደብሪቱ ከድንጋዩ ላይ ሳትነሣ የስንዱን እጅ ይዛ ሳመች። «እትዬ ስንዱ፣ ማን ላከሽ?»

«የኔም ጎመን ሜዳ አምና ሄዷል፣» አለች ስንዱ። «ራሴው ነበርሁ ያለቀስሁለት። ብትሰሚው አምሮልኝ ነበር።»

በዚያ የሐምሌ ወር ሰባት ጎርፍ መጣ። ሰባቱም ለመልስ እየተባለ በእልልታ ተቀበሉት። ደብሪቱና አያ ሙጨ በየረድፉ ዳር ሰንሰል ተከሉ፤ ሬሳ ደፈራችሁ የሚል ጠፋ፣ ሬሳ የለማ! ወሬው ባገሩ ሲሰማ በየመንደሩ ያለ ሰው አፈር ቤት እየሄደ «የኔም ልጅ አግብታለች፣ መቀመጫ ስጡኝ» ማለት ጀመረ። ለሠርግ የተጠየቀ መቀመጫ መንፈግ በዚያ አገር ነውር ነው። የአፈር ቤቱ ተራራ በወሳንሳም፣ በትከሻም፣ በብብትም እየተባለ ሄደ። ዘበኛው ግን የሻረው ስለሌለ አሁንም በትሩን ይዞ ለጥ ያለውን ሜዳ ይጠብቃል።

አፈር ቤትም ወደ በላዮቹ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ሕዝቡ ስንት ዘመን ባለማወቅ በጥላ ሥር ሲቀመጥ ኖሮ፣ ቤታችን ባደረገው ጥረት የት መቀመጥ እንዳለበት ተምሯል። ከዚያ በኋላ ጓንጉል ሊቀ ሐዘን መባሉ ቀርቶ ሊቀ ሚዜ ተባለ፤ ካባውም ነጭ ሆነ።

በአርባኛው ቀን ደብሪቱ ድግስ ደገሰች። ሊቀ ሚዜ ጓንጉል ስምንቱን ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣ፤ ወሳንሳው ባዶ ነበር፤ ድንጋዩ ቀድሞት ስለ መጣ። ድንጋዩን ፈልጎ አጣው። ደብሪቱ መርታ አሳየችው። ከአናቱ በቀር ሁሉም ደለል ውስጥ ገብቷል፤ በዙሪያው አዲስ ባቄላ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ተቀመጠበት። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ።

«ዝቅ ብያለሁሳ፣» አለ እየተገረመ።

«ኧረ አፈሩ ነው ከፍ ያለ፣ ጌታዬ፣» አለች ደብሪቱ፣ እንጀራ እየጨመረችለት።

እንግዳው ሁሉ መርቆ ሲበተን፣ ገና በቀን፣ ደብሪቱ እንደ ልማዷ ከደጃፏ ቆማ አማተበችና በርምጃ ቆጠረች። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። እግሯ መሬት ረገጠ። አሥራ ስምንት። የቦረቦሩ ከንፈር የት እንደ ነበር ጠፋባት። ባቄላውን እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰብስባ በደለሉ ላይ ዘቅዘቅ፣ ቀና እያለች ሄደች። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ስምንት ላይ አጥር ያዘች።

አያ ሙጨ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነበር። «አቤት፣ ምን ፈለግሽ?» አለ፤ ልማድ ሆኖበት እየጮኸ።

«አትጩህ፣ እዚህ ነኝ፣» አለች ደብሪቱ። «እሳት ልጭር ነው የመጣሁ።»